የእናቱን ዱዓ ሳይሰማ

ባለቤቴ ሰዒድ ደረቱ ተከፍቶ ልቡ ሊጠገን አንድ ቀን ሲቀረው እናቱ ሞተች። ስልኩ የተደወለው እኔ ጋ ነው። እሱ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቆ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ከአጠገቡ ከተኛው በሽተኛ ጋር ይስቅ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ካርቱም፣ ቡሪ ነበር። ጦርነቱ ገና አልመጣም። ሁለታችንም የወሎ ሰዎች ነን፤ ከሐይቅ አካባቢ። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፣ ገበያው ዳር ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እኔ አል-ጣኢፍ የሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ምግብ እሠራ ነበር። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ሩቂያ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ሰዒድ ታሞ ሲተኛ አይቼ አላውቅም።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ደረቱን ሲይዘው "ብርድ ነው" ያልነው። የሱቁ ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ ይነፍስበታል። ብርድ መታው ብለን ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል በሻይ ስንሰጠው ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ጎረቤቶቹ አገኙት። ሆስፒታል ወስደነው በእጁ የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው ሲያዩት፣ ወደ ልቡ ደም የሚያደርሱት ሦስቱም ደም ሥሮች ጠብበዋል። ዋናው ከሥሩ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው።

"ይህ ሰው ከዚህ ወደ ቤቱ አይሄድም" አለችኝ አንዲት ወጣት ዶክተር፣ እንደ አገሩ ልማድ አክስቴ ብላ። "ያ ኻልቲ፣ ደም የሚያልፍበት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ናት የቀረችው። እስክንሠራው ድረስ እንዳይናደድ፣ እንዳይደነግጥ። ሰምተሽኛል?"

"ሰምቻለሁ" አልኳት።

ከአጠገቡ የተኙት ዐም ዑስማን የሚባሉ የቡሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዐም አጎት እንደ ማለት ነው። እሳቸው ከተሠሩ ሳምንታቸው ነው። ሰዒድን ሐበሺ እያሉ ይጠሩታል።

"ስማኝ ሐበሺ፣ ከእግርህ ደም ሥር ወስደው ልብህ ላይ ነው የሚሰፉልህ። ከዚያ በኋላ ልብህ ሚስትህን ጥሎ ቢሄድ እንዳትገረም፤ እግር አለው።"

ሰዒድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እየተጠነቀቀ ሳቀ። "ይሄማ የኔ ሥራ ነው" አላቸው። "ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ ከታች ከእጥፋቱ ቆርጬ ነው የምጠግነው። የራሱ ጨርቅ ስለሆነ አይታወቅም።"

ስልኩ የጮኸው እንደዚህ ሲጫወቱ ነው። ስልኩ የሰዒድ ነው፣ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ እኔ እይዘዋለሁ። የደወለው ታናሽ ወንድሙ አሊ ነበር፣ ከሐይቅ።

"ሰዒድ አጠገብሽ ነው?"

"ነው።"

"እንግዲያው ራቅ በይ።"

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አሊ ድምፁ ደክሟል።

"እማ አልፋለች" አለኝ። "ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ስትታጠብ ወደቀች። አልተነሳችም። አሁን ቀብረን መመለሳችን ነው።"

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ፣ በሆዴ።

"እንዳትነግሪው" አለኝ። "ነገ ነው አይደል የሚሠራው? በአላህ እንዳትነግሪው።"

አማቴ እማማ ዘይነባ ሦስቱንም ልጆቼን ስወልድ ስልክ ይዛ ዱዓ ስታደርግልኝ ያደረች ሴት ናት። እንደ ሴት ልጇ ነበር የምትይዘኝ። ግን አላለቀስኩም። ካለቀስኩ ዓይኔ ይቀላል፣ ዓይኔ ከቀላ ያውቃል። ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ ቆየሁና ገባሁ።

"ማን ነው?" አለ ሰዒድ።

"አሊ ነው።"

"ምን አለ?"

"ስላንተ ጠየቀኝ።"

"እማስ?"

"ስልኩ ተዘጋ።"

ሁለቱም እውነት ነው። አሊ ስለ እሱ ጠይቆኛል፣ ስልኩም ተዘግቷል። እውነት እየተናገሩም ሰውን ማታለል እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ደስ አላለኝም።

ሰዒድ ትራሱን እያስተካከለ፣ "እንደውልላታለን። ነገ ከመግባቴ በፊት ዱዓዋን ሳልሰማ የፈቃድ ወረቀቱን አልፈርምም" አለ።

ይህን ሲል ቀልዱን አልነበረም። እሱና እናቱ እንዲህ ነበሩ። በልጅነቱ በመተማ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ሲወጣ እናቱ እጇን አናቱ ላይ አድርጋ ዱዓ አድርጋለታለች። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ሲከፍት፣ እኔን ሲያገባ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያስገባ፣ መጀመሪያ ለእሷ ይደውላል። እሷ ዱዓዋን ታደርጋለች፣ እሱ "አሚን" ይላል፣ ከዚያ ነው ነገሩ የሚጀመረው። ያልተደወለበት ነገር የለም። ነገ ደግሞ ልቡን አቁመው በማሽን ሊያኖሩት ነው።

ወደ ግቢው ወጥቼ ለሐጂ ይማም ደወልኩ። ሐጂ ይማም ቡሪ ላለን የወሎ ሰዎች እንደ አባት ናቸው፤ ሞትም ሰርግም በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ለሰዒድ ደም የሰጡትን ወጣቶች ሰብስበው ያመጡትም እሳቸው ናቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ኮሪደር ላይ አስቁሜ ነገርኳቸው።

ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፣ "ማን ማን ያውቃል?" አሉኝ።

"እርስዎና እኔ።"

"ሩቂያስ?"

"አልነገርኳትም። ፊቷ አይችልም።"

"ደግ አድርገሻል። መርዶ የእኛ ሥራ ነው። ተሽሎት ቤቱ ሲገባ፣ በጠዋት ሰብሰብ ብለን መጥተን እናረዳዋለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።"

"ሐጂ፣ ዱዓዋን ሳልሰማ አልፈርምም ብሏል።"

 በመቁጠሪያቸው ጥቂት ቆጠሩ። "አክስቱ ሩማና አለች" አሉ በመጨረሻ። "ድምጿ ቁርጥ የእህቷ ነው። እኔ አነጋግራታለሁ። ጠዋት ደውለን ዱዓ ታደርግለታለች፣ እሱ አሚን ይላል፣ ይገባል። አለቀ።"

"በሟች ስም?"

"ነፍስ ለማዳን ነው። ወንጀሉ በኔ ይሁን።"

"እኔ ግን—"

"አንቺ ምንም እንድትይ አልጠየቅሁሽም። ዝም ማለት እንደሆነ ታውቂበታለሽ።"

እውነታቸውን ነው። አውቅበታለሁ። ዝም አልኩ።

ያን ምሽት ሰዒድ ሁለት ጊዜ ስልኩን ጠየቀኝ። መጀመሪያ "አሁን መግሪብ እየሰገደች ይሆናል" ብሎ ራሱ ተወው። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ "ደክሞሃል፣ ጠዋት" አልኩት። እሺ አለኝ። ለእኔ ለምን እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ስለ ታዘዘልኝ የባሰ አዘንኩ።

ሲነጋ ደረቱንና አንድ እግሩን ላጭተው፣ አረንጓዴ ልብስ አልብሰውት፣ ደረቱ ላይ የተለጠፉት ገመዶች ከአልጋው ራስጌ ካለው ማሽን ጋር ተያይዘው ነበር። በማሽኑ ላይ የልቡ ምት ቁጥር ይታያል። ሰባ ሁለት፣ ሰባ አራት። እኔ ማንበብ የተማርኩት ዘግይቼ ነው፣ ያን ቁጥር ግን እንደ ቁርአን ስከታተለው ነበር።

ወጣቷ ዶክተር የፈቃድ ወረቀቱን ይዛ ገባች። "በል ያ ዐም ሰዒድ፣ ፈርም። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።"

"አንድ ስልክ ልደውል" አላት።

"ቶሎ በል።"

ሐጂ ይማም ቀደም ብለው መጥተው አልጋው ግርጌ ቆመው ነበር። በራሳቸው ስልክ ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ሰጡት። "ይኸው፣ እናትህ ናት" አሉት። እኔ ወለሉን አየሁ።

"እማ" አለ ሰዒድ።

"አብሽር፣ አይዞህ ልጄ" አለች ሴትዮዋ። ድምጿ በእርግጥ የእማማ ዘይነባን ይመስላል።  "አብሽር፣ አላህ ያሽርህ። አላህ በነዚያ ሐኪሞች እጅ ኸይር ያድርግልህ። ከልጆችህ አይለይህ..."

"አሚን" አለ። ዓይኑን ጨፍኗል።

"እኔን... እኔን እናትህን..."

ከዚያ በላይ አልቻለችም። ትናንት የቀበረቻት እህቷ ናት። መጀመሪያ የታፈነ ነገር ተሰማ፣ ቀጥሎ ግልጽ ለቅሶ፣ ቀጥሎ ስልኩ ተዘጋ።

ሰዒድ ዓይኑን ገለጠ። ስልኩን አየው። ሐጂን አያቸው።

"ማን ናት?"

"እናትህ ናት እንጂ። ፈርታልህ ነው፣ እናት አይደለች እንዴ? ሆዷ ባባ።"

"ማን ናት አልኩ፣ ሐጂ።"

"ኧረ አንተ ልጅ፣ ተረጋጋ! ሐኪሞቹ እየጠበቁህ ነው።"

ሰዒድ ወደ እኔ ዞረ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲነታረከው "ወላሂ ከዚህ አይወርድም" ይላል፣ እንደ ማንኛውም ነጋዴ። እኔ ግን ምላሴ ላይ ወላሂ በቀላሉ አይወጣም። አባቴ እንደዚያ ነው ያሳደገኝ። ሰዒድ ስለዚህ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቀልድብኝ ኖሯል። "እሷን ዳኛ ፊት አታቁሟት፣ ለራሷም አትምልም" ይላል።

"ወላሂ በይ" አለኝ። "እናቴ በሕይወት አለች በይና ወላሂ በይ። ከዚያ እፈርማለሁ።"

ሐጂ ይማም ከግርጌው ሆነው ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል። ዶክተሯ አማርኛ አታውቅም፣ ግን ፊታችንን አይታ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋለች። ዐም ዑስማን ሳይቀሩ ተነስተው ተቀምጠዋል። ማሽኑ ላይ ሰማንያ ስምንት። ዘጠና አንድ።

አፌን ከፈትኩ። ልል ፈልጌ ነበር። በአላህ ፊት አልዋሽም፣ ልምል ፈልጌ ነበር። ቃሉ ግን አልወጣም።

"ሰዒድ" አልኩት።

ያን ብቻ ነው ያልኩት። ገባው።

"መቼ?"

"ትናንት ሱብሒ ላይ።"

ሐጂ ይማም "ገደልሽው!" ብለው ጮኹ።

የሰዒድ ፊት እንደ አመድ ሆነ። ግንባሩ ላይ ላብ ወረደ፣ እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ዶክተሯ ወረቀቱን አልጋው ላይ ወርውራ ሮጣ መጣች፤ ሁለት ነርሶች ተከተሏት። ጭንብል አፉ ላይ አደረጉለት፣ ምላሱ ሥር የሆነ ነገር ረጩ፣ በመርፌ መድኃኒት ሰጡት።

"ምን አልሽው?" አለችኝ ዶክተሯ፣ ሳታየኝ።

"እናቱ መሞቷን።"

"አሁን? አሁን ነው የምትነግሪው?"



"መጠበቅ አይቻልም" አለች ለነርሶቹ። "አሁን ይግባ። ፊርማውን እሷ ትፈርም።"

ሰዒድ ጭንብሉን በእጁ ገፋ አደረገው። ነርሷ ልትመልሰው ስትል ራሱን ነቀነቀ። እኔን ነው የሚያየው። ወደ አፉ ጎንበስ አልኩ።

"እንግዲያው አንቺ አድርጊልኝ" አለኝ።

በእኛ ዘንድ ሚስት ባሏን እንዲህ አትመርቅም። እናት ናት፣ አባት ነው፣ ሸኽ ነው። እጄን አናቱ ላይ አደረግሁ። የማውቀው ዱዓ ሁሉ ጠፋኝ።

"ያ አላህ፣ ያንተ ነው" አልኩ። "ለኔና ለልጆቹ ግን ተወው።"

"አሚን" አለ።

ብዕር ጠየቀ። የፈረመው ፊርማ ፊርማ አይመስልም፣ መስመር ነው። አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት ዐም ዑስማን በዐረብኛ ጮክ ብለው "አላህ ካንተ ጋር ነው ሐበሺ!" አሉ። በሩ ተዘጋ።

ሐጂ ይማም ኮሪደሩ ላይ ፊቴ ቆሙ። 

"አንዲት ቃል ነበረች" አሉኝ። "ነፍስ ለማዳን አንዲት ቃል። ምሕረት የምትለምኚበት ስንት ዓመት ነበረሽ? አንቺ ንጹሕ ልትሆኚ፣ ልጆችሽ አባት አልባ የቲም ይሁኑ?"

ትተውኝ ሄዱ። የተናገሩት ሁሉ ልቤ ውስጥ ገባ። በእርግጥ ለማን ብዬ ነው? ለአላህ ነው ወይስ ለራሴ? ቀኑን ሙሉ ያንን ሳስብ ዋልኩ። ሩቂያ መጣች፣ እሷንም ነገርኳት። አያቷን አልቅሳ ሳትጨርስ አባቷ ያለበትን በር ታያለች። ለዙህር ወደ መስገጃው ክፍል ሄድኩ። ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ምንም ማለት አልቻልኩም። "ያ ረብ" ብቻ። ለምኜ የማውቀውን ሁሉ ረሳሁ።

ሰዓቱ አምስት አለ፣ ስድስት ሆነ፣ ስምንት አለፈ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የገባው። "አምስት ሰዓት ይፈጃል" ብለውን ነበር። በሩ ሲከፈት በተነሳሁ ቁጥር ሌላ ሰው ነው። ሐጂ ይማም ከዐስር በፊት ተመልሰው መጡ። ውሃና ዳቦ በፌስታል ይዘዋል። ለሩቂያ ሰጧት። እኔን አላናገሩኝም፣ ግን ከአጠገባችን ተቀመጡ።

ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ሲወጣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነበር። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፣ ጭንብሉ አገጩ ሥር ተንጠልጥሏል። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሐኪም ሲቀመጥ ጥሩ አይደለም ብዬ አሰብኩ።

"በተዘጋው ጎን ሦስት አዲስ መንገድ ሠራንለት" አለ። "ሥራው ጥሩ ነው። ግን ከማሽኑ ስናላቅቀው ልቡ አልነሳም አለ። መልሰን ማሽኑ ላይ አደረግነው፣ አሳረፍነው። በሁለተኛው ተነሳ። አሁን ዒናያ ገብቷል።" ዒናያ የሚሉት የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን ነው። "ሁለት ቀን ጠብቂ። ከዚያ በፊት ምንም አልልሽም።"

"በኔ ምክንያት ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

ነገርኩት። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"ሊሆን ይችላል" አለ። "ላይሆንም ይችላል። ያ ደም ሥር ለማንኛውም የሚታመን አልነበረም። እንዲህ ነው ብዬ ልልሽ አልችልም።"

ይህን ስላለኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። "አይደለም" ቢለኝ አላምነውም ነበር።

ሁለት ቀን ጠበቅን። በመስታወት አየዋለሁ፤ በአፉ ቱቦ ገብቶ፣ ደረቱ ታሽጎ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቱቦውን አወጡለትና "ለአምስት ደቂቃ ግቡ" አሉን። ሐጂ ይማምም ስለ ሽምግልናቸው ተፈቀደላቸው። ሰማያዊ ልብስ ደርበን ገባን።

ሰዒድ ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው። ድምፁ ሻካራ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነበር።

"ሕልም አየሁ" አለ። "እማ ሞታ። አንቺ ነግረሽኝ።"

ማደንዘዣው አደናግሮታል። የሆነውን ከሕልም አልለየውም።

ሐጂ ይማም ፈጠን ብለው፣ "ሕልም ነው! ኸይር ነው፣ የሞት ሕልም ዕድሜ ነው። አሁን ዕረፍ" አሉት።

ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው አሁን ቁጣ የለበትም። ይለምናል። ሩቂያ ከመስታወቱ ውጭ ቆማለች። ማሽኑ ሰማንያ ይላል። አላህ ያን ጠዋት ያበላሸሁትን የማስተካከያ በር የከፈተልኝ መሰለኝ። መሐላ አልተጠየቅሁም። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር፣ ዝም ማለት ደግሞ አውቅበታለሁ።

ሰዒድ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።  የሚጠብቀው እኔን ነበር።

"ሕልም አይደለም" አልኩት።

ሐጂ ይማም "ላ ኢላሀ ኢለላህ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሰዒድ ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጎን ወደ ጆሮው ወረደ። ቁጥሩ ሰማንያ ስድስት አለ። ዘጠና። ዘጠና አምስት። ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች። እጁን ይዣለሁ፣ የእጁ ሙቀት ይሰማኛል።

"ማን አጠባት?" አለ።

"አክስትህ ሩማና።"

"አሊ ነበር?"

"ቀብር ውስጥ የወረደው እሱ ነው።"

"ተሰቃየች?"

"ውዱእ ላይ ነበረች። ወደቀች፣ በቃ።"

 ዘጠና። ሰማንያ ሰባት።

"ውዱእ ላይ" አለ። "አልሐምዱሊላህ።"

ሰማንያ አንድ። ነርሷ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጭር አደርገዋለሁ። ሰዒድ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቤቱ ገባ። ሐዘኑን ቡሪ ተቀምጦ፣ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀበለ፤ ሐኪሞቹ ሲያስልና ሲያለቅስ ትራስ እንዲያቅፍ አዝዘውት ነበር። ዛሬም በሕይወት አለ። ዛሬም ይሰፋል፣ ሌላ ከተማ ውስጥ።

ሐጂ ይማም ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ከእሳቸው ጋር አሁንም በዚህ ነገር አንስማማም። እሳቸው የሚሉት "አላህ ስለ ማረሽ ትክክል ነሽ ማለት አይደለም" ነው። እኔም እንደዚያው አስባለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ በሽተኛ ያላችሁ፣ እንደኔ አድርጉ ብዬ አልጻፍኩም። ሐኪም "አታስደንግጡት" ካለ ስሙት። እኔም እስከዚያች ጠዋት ድረስ ልደብቅ ቆርጬ ነበር።

የተለወጠው ይህ ነው። ድሮ ዝምታዬን እንደ መልካም ጠባይ እቆጥረው ነበር። ሰዎችም ያመሰግኑኝ ነበር፣ "ምላሷ የታረመ" እያሉ። አሁን ዝም ከማለቴ በፊት ማንን ልከልል እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ራሴን ሆኖ አገኘዋለሁ። ልጆቼ የሚጠይቁኝን እመልስላቸዋለሁ። ለእህት ወንድሞቼም፣ የቅርብ ሰው ቢሞትብኝ በዚያው ቀን ንገሩኝ ብያለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም። ያን ቀን ሰዒድ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በሕይወት ባይወጣ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ እውነት የምናገርበት አፍ ይኖረኝ ነበር? አላውቅም። አላህ ሞቱን አሳይቶ ያን እንዳውቅ አላደረገኝም። ምስጋናዬ የማያልቀው ለዚህ ነው።